ከሴኔካ ፎልስ እስከ ሮቸስተር

ኒውዮርክ ሲባል ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሚጠብቅ ሰው በኒውዮርክ ግዛት ያለችው ሴኔካ ፎልስ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ቦይ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የሴቶች መብት ታሪክ የተሠራበት ዌስሊያን ጸሎት ቤትም ቢያዩት ተራ የጡብ ቤት ነው። ቲያትር ማሳያ፣ የመኪና መሸጫ፣ ኋላም የልብስ ማጠቢያ ሆኖ አገልግሏል፤ አካባቢው የታሪክ ፓርክ የሆነው ገና በ1980 ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ገባሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በጁላይ 1848፣ 300 ያህል ሰው እዚህ ለሁለት ቀን ስለ ሴቶች መብት መከረ። ከአዘጋጆቹ አንዷ ኤልዛቤት ካዲ ስታንተን የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ አርአያ አድርጋ «ወንዶችና ሴቶች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» የሚል መግለጫ አነበበች። ስለ ሌሎቹ ውሳኔዎች ሁሉም ተስማማ። ያጨቃጨቀው የመምረጥ መብት ነው፤ ሌላዋ አዘጋጅ ሉክሬሺያ ሞት እንኳ መሳቂያ እንሆናለን ብላ ሠግታ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ተነስቶ ከተሟገተለት በኋላ ነው ያለፈው።

ከቤቱ ውጭ ውሃ የሚወርድበት ረጅም ግንብ ላይ መግለጫው ከፈራሚዎቹ ጋር ተቀርጿል፦ 68 ሴቶች፣ 32 ወንዶች። እዚያ ብዙ የቆምኩት በሻርሎት ዉድዋርድ ምክንያት ነው። ቤቷ ሆና ጓንት የምትሰፋ፣ የላቧን ዋጋ ግን እንደ ልቧ የማታዝዝበት ወጣት ነበረች። የአገሪቱ ሴቶች በ1920 የመምረጥ መብት ሲረጋገጥላቸው ከፈራሚዎቹ በሕይወት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። የምርጫው ቀን ታማ ስለነበር ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። ሰባ ሁለት ዓመት ጠብቃ!

ከሰዓት በኋላ ወደ ሮቸስተር ነዳሁ። ጎብኚው የሚጎርፈው ወደ ሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይዋ ሱዛን ቢ. አንቶኒ ቤት ነው። (ብዙ ሰው እሷም ሴኔካ ፎልስ የነበረች ይመስለዋል፤ አልነበረችም።) በ1872 ድምፅ በመስጠቷ የተያዘችው እዚሁ ሳሎኗ ውስጥ ነው። 100 ዶላር ተቀጣች፤ አልከፍልም አለች፣ አልከፈለችምም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን እዚያው ሮቸስተር፣ ከሴኔካ ፎልሱ ጉባኤ ሁለት ሳምንት በኋላ የተደረገው የሴቶች መብት ስብሰባ ነው። ሴኔካ ፎልስ ላይ ሰብሳቢው የሉክሬሺያ ባል ጄምስ ሞት ነበር። ሮቸስተር ላይ ግን አቢጌል ቡሽ ትምራን ተባለ። ወንድ ባለበት ጉባኤ ሴት ወንበር ትያዝ? ከተቃወሙት መካከል ስታንተንና ሉክሬሺያ ሞት ራሳቸው ነበሩ! ቡሽ ወንበሩን ያዘች፤ ስብሰባውንም እስከ መጨረሻው መራች።