ዝግ ብሎ መብረር

ዛሬ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣና ዳር ወረድን። እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እና ጎረቤታችን ጋሼ። ጋሼ ለአውሮፕላን ያን ያህል ግድ የላቸውም። እሳቸውን ያመጣቸው የቆሮሶ ዓሣው ጥብስ ነው።

ሻዩ ሳይቀርብ የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ። ማታ ያወረደው የአሜሪካው ተዋጊ ጄት የኤፍ-22 የአየር ትርኢት ቪዲዮ ነው። አራታችንም ስልኩ ላይ አቀረቀርን። ጄቱ ከመሬት እንደተላቀቀ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ወጣ።

«ከዚህ በላይ ምን አለ?» አለ የእህቴ ልጅ።

ባልደረባዬ የሩሲያው ተዋጊ ጄት የሱ-57 ቲፎዞ ነው። «እሱም ይህን ያደርጋል፤ የሱም ሞተር አፉን ያዞራል» አለ። በቃ፣ ክርክሩ ተነሳ። የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊዎች ተገናኙ ማለት ነው። አንዱ ፍጥነት ሲጠራ ሌላው የሞተር ኃይል ይጠራል። መሃል ላይ ደግሞ ምስኪኑ ሌላው የአሜሪካ ጄት ኤፍ-35 ባለ አንድ ሞተር ነው ተብሎ ተወቀሰ።

እኔን ግን በትርኢት ላይ ፍጥነት ብዙም አይገርመኝም። ፈጣን ጄት ሽው ብሎ ያልፋል፣ ድምፁ ከኋላው ይደርሳል፣ አለቀ። ልቤን የሚያቆመው ዝግ የሚልበት ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ብረት አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ የቆመ እስኪመስል ቀስ ብሎ ያልፋል። ቪዲዮውን እዚያ ላይ አስቁሜ «ይሄን እዩልኝ» አልኳቸው።

ክንፍ የሚሸከመው በላዩና በሥሩ የሚሮጠው አየር ስላለ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ አየሩም ይደክማል። ያኔ አብራሪው አፍንጫውን ያነሳል። ከልክ በላይ ካነሳው ደግሞ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቅና ክንፉ መሸከሙን ያቆማል። አብዛኛው አውሮፕላን እዚህ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ኤፍ-22 ግን የሁለቱ ሞተሮቹ የኋላ አፍ ወደ ላይና ወደ ታች 20 ዲግሪ ይታጠፋል። ክንፉ ሲደክም ሞተሩ አፍንጫውን ይዞ ያቆየዋል። የተለመደው ኤፍ-35ኤ ይሄ የሚታጠፍ አፍ የለውም። እንዲያም ሆኖ አፍንጫውን ሰቅሎ በዝግታ ሲዞር አይቻለሁ። ስለዚህ ባይወቅሱት ደስ ይለኛል።

የእህቴ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ ኤፍ-22 ከራዳር እንዲሰወር የተሠራ ከሆነ በትርኢቱ ቀን የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ እንዴት ያዩታል?»

በእንዲህ ዓይነቱ በረራ ላይ ራዳርን የሚያንጸባርቅ ትንሽ ዕቃ ገላው ላይ ይገጠምለታል። ተቆጣጣሪዎቹ በደንብ ያዩታል። እግረ መንገዱንም እውነተኛው የራዳር መልኩ ተሸፍኖ ይቀራል፤ በራዳር የሚሰልል ቢኖርም የሚያገኘው የዕቃውን ነጸብራቅ ነው። ደግሞ ሚሳይል ሳይጭን፣ ቀለል ብሎ ነው የሚበረው። ስለዚህ ማን ማንን ያሸንፋል የሚለው ክርክር በትርኢት ቪዲዮ አይፈታም። ባልደረባዬ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው።

ይህን እያወራን ፔሊካኖቹ መጡ። አንዱ ከደብረ ማርያም በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። ውሃው አጠገብ ሲደርስ ደረቱን አነሳ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ እግሩን ወደፊት ሰደደ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ረስቶ አየው። ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ወደ ማረፊያው አጥር እንሮጥ ነበር። ያኔም የምወደው ማረፉን እንጂ መነሳቱን አልነበረም።

ስለ ዝግታ ሳወራ የፓሪሱን ትርኢት አነሳሁ። ሰኔ 1981፣ በፈረንጆቹ 1989፣ ፓሪስ አጠገብ ባለው የለ ቡርዤ አየር ማረፊያ ላይ ነው። የሶቪየቱ አብራሪ ቪክቶር ፑጋቾቭ በሱ-27 ተዋጊ ጄት አፍንጫውን ከቀጥታም አሳልፎ ወደ ኋላ የጣለው፣ ዓለም «ኮብራ» ያለውን ነገር ያሳየው እዚያ ነው። ሱ-27 የእኛም አየር ኃይል የታጠቀው ጄት ነው። በዚያው ትርኢት፣ ሰኔ 1 ቀን፣ ሌላው የሶቪየት አብራሪ አናቶሊ ክቮቹር ሚግ-29 ተዋጊ ጄትን ዝቅ አድርጎ በዝግታ እያሳለፈ ነበር። ወፍ ሞተሩ ውስጥ ገባች። ጄቱ በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ክቮቹር በወንበሩ ተወርውሮ ወጣና ተረፈ።

ጋሼ ሹካቸውን አስቀመጡ። «1981 አልክ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እዚህም 1981 ነው እኮ። መስከረም 5።»

ሁላችንም ዝም አልን። የባሕር ዳር ልጅ ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚያድገው። ከዚህ ወደ አስመራ የሚነሳ ቦይንግ 737 ነበር። ሲነሳ የእርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሞከሩ፣ አልደረሱም። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ጋሼ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ከአዲስ ዓመት በኋላ ነበር፣ አደዩ ገና አልረገፈም አሉ። ከዚያ ሌላ ብዙ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሁለቱ በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ መሆናቸውን እስከ ዛሬ አስተውዬ አላውቅም። አንዱን በፈረንጅ፣ ሌላውን በእኛ አቆጣጠር ይዤው ኖሯል። የዚህኛው መንገደኛ ወንበሩ አይወረወርለትም። ዓለምን ያስጨበጨበው በረራና የእኛ ከተማ ሐዘን ያው የመሬት አጠገብ አየር ላይ፣ ገና ከፍታ ሳይኖር የሆነ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ለስህተትም ለወፍም የሚተርፍ ጊዜ የለም። ዝግታውን የምወደውም የምፈራውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ጋሼ ስልኩን ከእህቴ ልጅ እጅ ወሰዱ። «ያን ቀስ የሚለውን እስቲ መልስልኝ» አሉት። መለሰላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና እስከ መጨረሻው አዩት። ከሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ እርግቦቹ ወርደው ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር።