የራጅ ፊልማችሁን አትጣሉ

ዲቪ የደረሳችሁ ሰዎች፣ ሜዲካል ከመግባታችሁ በፊት የድሮ ራጃችሁን ፈልጉ። ሪፖርቱን ሳይሆን ፊልሙን። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ምልልስ በቀረልኝ።

የደም ምርመራውና ክትባቱ ወዲያው አለቀ። ራጁ ላይ ግን ነገር መጣ። በሁለቱም ሳንባዎቼ አናት ላይ ቀጭን፣ ወጣ ገባ ያለ መስመር ታየ። አላስል፣ ሌሊት አያልበኝ፣ አልከሳሁ። ቢሆንም ቲቢ እንዳይሆን ተብሎ የአክታ ምርመራ ታዘዘ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ለ3 ተከታታይ ቀን። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቶሎ ይደርሳል። ካልቸሩ፣ ማለትም ጀርሙ ካለ እንዲያድግ አክታውን ላብራቶሪ አስቀምጠው የሚጠብቁት ምርመራ፣ ግን እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። የዲቪ ቪዛ ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። (አክታ የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ ዕቃ ይዞ ቆሞ፣ ተሰላፊው ሁሉ እያየው "ጠበቅ አድርገህ ሳል!" ሲባል ያለውን ስሜት ለራሳችሁ ገምቱት።)

መጠርጠራቸው አልከፋኝም። አገራችን ቲቢ የበዛበት ነው፤ ቲቢም የሳንባን አናት ይወዳል፣ ኦክስጅን እዚያ ስለሚበዛ። ችግሩ፣ የሳንባ አናት ያለ ቲቢም ጠባሳ ይይዛል። ደም እንደ ታችኛው ክፍል አይደርሰውም፤ ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያለው መስመር ብዙ ሰው ላይ ይታያል። አንድ ፊልም ብቻውን የቆየውንና ያልዳነውን በእርግጠኝነት አይለይም።

ካልቸሩን እየጠበቅሁ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና "ቲቢ ነው፤ ለማንኛውም መድኃኒት እንጀምር" አለኝ። ለማንኛውም! 6 ወር የሚዋጥ፣ ጉበት የሚፈትን መድኃኒት። ዲቪውም በዚያው ይቀራል። እምቢ አልኩ። የምታስሉ ወይም የምታተኩሱ ከሆነ እኔን አትስሙኝ፣ ቶሎ ታከሙ። ምንም ምልክት የሌለው፣ የአክታ ውጤቱም ገና ያልደረሰ ሰው ግን "በምን ማስረጃ?" ብሎ ይጠይቅ።

የሳንባ ስፔሻሊስት ጋ ስገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ "የድሮ ራጅ አለህ?" ብሎ ነው። ለዓመታት ንቅንቅ ያላለ መስመር ከሆነ ጠባሳ ነው፤ አዲስ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው አለኝ። ሥራ ስቀጠር የተነሳሁት ነበር።

መከራዬ እዚህ ላይ ጀመረ። ያነሳኝ ሆስፒታል ካርድ ክፍል "ሪፖርቱ ይበቃሃል" ብለው ኮፒ ሰጡኝ። ወረቀቱ "ኖርማል" ይላል። ባይሰጡኝ ይሻል ነበር። ያኔ ኖርማል፣ ዛሬ መስመር ካለ፣ አዲስ ነገር መጣ ማለት ነው! ኋላ ስፔሻሊስቱ እንደነገረኝ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ጠባሳ በጣም የተለመደች ስለሆነች ብዙዎቹ አይተው ያልፏታል፣ አይጽፏትም። ስለዚህ ፊልሙ ራሱ ያስፈልጋል።

ፊልሙስ? "ለመሥሪያ ቤትህ ልከናል።" መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። "የሠራተኛ ማህደር ምስጢር ነው።" የገዛ ሳንባዬ ፎቶ ከእኔ ምስጢር ሆነ! ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ኃላፊው መጣ፣ ማህተም የያዘችው ልጅ የለችም። ሆስፒታሉ በደብዳቤ ይጠይቀን አሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ "እኛ ምን አገባን?" አለ። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ እትዬ "ልጄ፣ ና ግባ" ብለው ራሳቸው ማህደሩን አወጡልኝ። ፊልሙ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ለሁለት ታጥፏል። እጥፋቱ የጎድን አጥንቶቼን መሀል ለመሀል ሰንጥቋቸዋል። ደግነቱ አናቱ ንጹሕ ነው።

ስፔሻሊስቱ ሁለቱን ፊልሞች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀላቸው። ያው መስመር፣ ያው ቦታ፣ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች። የአንገት አጥንቱ እንዳይጋርደው ወደ ኋላ ለጠጥ ብዬ ሌላ ራጅ ተነሳሁ። እብጠት የለም፣ ቀዳዳ የለም። ጠባሳ ነው፣ አለቀ። አንዱ ጎን ብቻ ወፍሮ ቢሆን ወይም ትከሻዬን ቢያመኝ ግን ሲቲ ስካን አይቀርልህም ነበር አለኝ፤ እዚያ ጥግ ካንሰርም ይደበቃል። እንዲህ ከተባላችሁ በገንዘቡ አትከራከሩ።

ካልቸሩም ነጻ ሆኖ መጣ፤ ቪዛውም ደረሰ።

ሌላ ቦታ የተነሳችሁት ራጅ ለቪዛው አይቆጠርም ይሏችኋል። እውነት ነው። እኔ ግን ቀጠሮ ሳይደርስ በገዛ ገንዘባችሁ ተነሱ እላለሁ። ነገር ካለ የድሮውን ለመፈለግ ጊዜ ታገኛላችሁ። ሲዲ ካላቸው ሲዲውን ተቀበሉ፤ ከዚያው ሳትወጡም አስከፍታችሁ እዩት። ለወንድሜ የሸጡለት ባዶ ነበር።