«ምረጡኝ» ሳይሉ መመረጥ

የትምህርት ቤት ኮሚቴ ምርጫ ፖስተር የለውም። ሞንታርቦ ጭኖ የሚዞር መኪናም የለውም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ራስን መጠቆም ነውር መሆኑ ነው። «እኔን ምረጡኝ» ያለ ሰው ወይ ገንዘቡን አይቶ ነው ይባላል፣ ወይ ቀበሌ የላከው ነው ይባላል።

ባህር ዳር ዓባይ ማዶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይትና ሳሙና እየሸጥኩ ዓመታትን በወላጅ መምህር ህብረት፣ ኋላም በትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አሳልፌያለሁ። አንዴ ተሸንፌያለሁ፣ በተረፈ እየተመረጥኩ ነው የቆየሁት። «እንዴት አደረግሽው?» የሚሉኝ ስለበዙ ልጻፈው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ይደግፋል፣ እጅ ይቆጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጠቋሚና ደጋፊ ከአንድ እድር ወይም ከአንድ ጽዋ ማህበር ከሆኑ ቤቱ ወዲያው ይነቃል። የእኔ ጠቋሚ ወጣት የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ደጋፊዬ ደግሞ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። ሁለቱ በሌላ ነገር እንደማይስማሙ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እነሱ በአንድ ሰው ከተስማሙ ነገር አለው ማለት ነው።

ቅስቀሳዬ ቡና ነበር። ቡና ላይ ግን ስለ ምርጫ ትንፍሽ አልልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልጅሽን ትምህርት ቤት ምን ይቸግራታል?» አባቶች ስለ መዋጮ ያወራሉ። እናቶች ትንሽ ዝም ይሉና ስለ መጸዳጃ ቤት ያነሳሉ። የሴቶቹ መጸዳጃ በር የለውም፣ ውሃ የለውም። ትልልቆቹ ልጆች የወር አበባ ሲመጣባቸው ቤት ይቀራሉ። ይህን ከየቤቱ ከሰማሁ በኋላ ስብሰባ ላይ ሌላ ነገር አልተናገርኩም። በርና ውሃ፣ በቃ። ተፎካካሪዬ ስለ ትምህርት ጥራት ረዥም ንግግር አደረገ። ለትምህርት ጥራት ሁሉም ያጨበጭባል፤ እጅ የሚወጣው ግን ለበሩ ነው።

ሴት መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ስብሰባ የሚመጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፣ ሰብሳቢ የሚሆነው ግን ወንድ ነው። እኔንም ገና እንደተመረጥኩ ገንዘብ ያዥ ሊያደርጉኝ ፈለጉ። «ሴት ገንዘብ አታጠፋም» አሉኝ፣ እንደ ምስጋና። ሣጥን ጠብቂ፣ ውሳኔው የእኛ ነው ማለት እኮ ነው! «ሂሳቡን ለመምህራችን ስጡት፣ እኔ ሰብሳቢ ልሁን» አልኩ። ተሳቀ። ሽማግሌው ደጋፊዬ ባይነሱ ኖሮ ሳቁ ያሸንፈኝ ነበር።

የእጅ አቆጣጠሩንም ልብ በሉ። እናቶች እጃቸውን የሚያወጡት ዞር ዞር ብለው አይተው ነው፣ ያውም እስከ ትከሻ ድረስ ብቻ። ኋላ ከተቀመጡ ቆጣሪው አያያቸውም። ስለዚህ ቀደም ብለን ሄደን የፊት ወንበር እንይዛለን። ደፋሮቹ ግራና ቀኝ ዳር ላይ ይሆናሉ፣ የእነሱ እጅ ሌላውን ያነሳል።

የተሸነፍኩት በቀን ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ተጠራ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፣ ግማሹ ደጋፊዬ እዚያ ሽንኩርትና በርበሬ ላይ ነበር። ቀኑን ማን እንደመረጠው አልናገርም። ከዚያ ወዲህ ግን አጀንዳው ሳይወጣ ቀኑን እጠይቃለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። ከከተማው ጫፍ ለሚመጡት አራሾች ደግሞ በዓል የሚከበርበት ቀን ጥሩ ነው፤ በሚካኤል ወይም በማርያም በሬ አይጠመድም፣ ሰው ይገኛል። ጥሪውን በልጆች ደብተር በሚላክ ወረቀት ብቻ አትተዉት። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። እድር ላይ ይነገር።

አንዴ መመረጥ ይህን ያህል አይከብድም። ዳግም መመረጥ ነው ሥራው፣ እሱም በሂሳብ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ይሁን ብሎ ነበር። መዋጮ እንግዲህ በፈቃድ ነው ማለት ነው። ወላጁ ግን «ፈቃድ» ሲባል ፈገግ ይላል፣ ልጁ ያለ መዋጮ ለምዝገባ ሄዶ እንዴት እንደተመለሰ ያውቃላ! ስለዚህ ብሩ የት እንደገባ ማየት ይፈልጋል። እኔ በየመንፈቁ ወጪውን በትልቅ ወረቀት አስጽፌ በር ላይ አስለጥፍ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የሚመደበው ድጎማ፣ ስኩል ግራንቱ፣ ይህን ያህል፣ ከግቢው ሣር ሽያጭ ይህን ያህል፣ መዋጮ ይህን ያህል። የተገዛው ዕቃ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ስቶር መግባቱን፣ በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 መውጣቱን ራሴ አያለሁ። አንዳንዱ ሠራተኛ አኮረፈኝ። ወላጆች ግን ወረቀቱን በስልካቸው ያነሱት ጀመር።

ውሃው በጣም የጠቀመን በኮሮና ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 2012 ተዘግተው ጥቅምት 2013 መከፈት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ እጅ መታጠቢያ ነበር። የእኛ ቧንቧ ቀድሞ ገብቷል። በቀጣዩ ምርጫ አንድም ቃል መናገር አላስፈለገኝም።

ዘንድሮ አልወዳደርም። የመጨረሻው ልጄ ጨርሷል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ ስብሰባ የማትቀር አንዲት እናት አለች። እትዬ ትለኛለች፣ ሱቅ እየመጣች ትጠይቀኛለች። የሂሳብ ደብተሬን ሰጥቻታለሁ። ከተፈቀደልኝ ጠቋሚዋ እሆናለሁ፤ ደጋፊ ግን ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው ፈልጊ ብያታለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዓባይ ማዶ ሞልቷል።