«ካልተዘጋ ሥራ አለ»

በሃዋይ፣ ዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ላይ እንግዳ ይዞ ስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ ከውሃው ወለል ላይ ሆኖ የባሕሩን ውስጥ ማየት) የሚያስገባ አስጎብኚ ሁሉ ጨረቃ ይቆጥራል። ዋይኪኪ ባለበት በኦዋሁ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ቦክስ ጄሊፊሽ፣ በመርዛማ ክሮቹ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ፣ በብዛት የሚመጣው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለመራባት በሌሊት ወደ ዳር ይጠጋል፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠፋል። አካሉ እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳይ ውሃ ውስጥ ሆኖ አይቼ እሸሸዋለሁ ማለት አይቻልም።

የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቢሮ ግን በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሙሉ ቡድን መዝግቦ ነበር። አስጎብኚው ቀኑ የጄሊፊሽ መሆኑን በዋዜማው ለመርሐ ግብር ኃላፊዋ ነገራት።

«ባለፈውም ወር በዘጠነኛው ቀን ገብታችሁ አንድም ሰው አልተነካም» አለችው።

«ባለፈው የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። የነገው በጠዋት ነው።»

ቦታ መቀየር ቀላል እንዳልሆነ ለእሷም መመስከር ያስፈልጋል። ሌላው የስኖርክል ቦታ፣ ሃናውማ ቤይ የተባለው ባሕረ ሰላጤ፣ የደሴቱ ነዋሪ ላልሆነ ሰው አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ይጠይቃል፤ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ዳይመንድ ሄድ ተራራም ያለ ቀጠሮ አያስገባም። ወደ ሰሜን ዳርቻ እንውሰዳቸው ቢባል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የዚያ ማዕበል ለጀማሪ ዋናተኛ ከጄሊፊሹ ይብሳል። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ግን ይቻል ነበር።

በማግስቱ የላይፍጋርዶቹ (የባሕር ዳርቻው ነፍስ አድን ጠባቂዎች) የጄሊፊሽ ምልክት አሸዋው ላይ ተተክሎ ጠበቀው። አስጎብኚው ወደ ቢሮ ደወለ።

«ባሕሩ ተዘጋ?» አለችው ኃላፊዋ።

«አልተዘጋም። ማስጠንቀቂያ ተተክሏል።»

«ካልተዘጋ ሥራ አለ።»

በዚህ ሙያ ከሚሰሙት ቃላት ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሃናውማ ቤይ በር ስላለው ጄሊፊሽ በበዛ ቀን በሩ ይዘጋል። ዋይኪኪ ምን በር አለው? ክፍት አሸዋ ነው። ላይፍጋርዱ በማለዳ ማዕበል የጣላቸውን ጄሊፊሾች ያያል፣ ምልክት ይተክላል፣ በድምጽ ማጉያ ይናገራል፤ ከዚያ አልፎ የሚገባውን አንገቱን ይዞ አይመልስም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ምልክት ተተከለ ማለት ባሕሩ ሊዘጋ የሚችለውን ያህል ተዘጋ ማለት ነው። ቀሪውን መዝጋት የአስጎብኚው ፋንታ ነው፤ ቢሮው ደግሞ ይህን ሥልጣን ነው በስልክ የነጠቀው።

ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እንግዳ ክንዷን ይዛ ወጣች፤ እንደ ጅራፍ ሰንበር ቀያይ መስመሮች ወጥተውባታል። ረዳቱ ሊያግዛት ሮጦ የመጠጥ ውሃ አፈሰሰበት። ጩኸቷ ባሰ። ቆዳ ላይ የተጣበቀው የጄሊፊሹ ክር ገና ያልተተኮሱ ጥቃቅን የመርዝ ከረጢቶች አሉበት፤ ጨው አልባ ውሃ ሲነካቸው ይተኩሳሉ። በአሸዋ ማሸት፣ በካርድ መፋቅ፣ በፎጣ መጫንም ያው ነው። ሽንት የሚለው ምክርም ጥቅም የለውም።

አስጎብኚው አቼቶውን ይዞ ደረሰ። ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ሳያቋርጥ አፈሰሰበት፣ የቀረውን ክር በወረንጦ ብድግ እያደረገ ለቀመ። አቼቶ ሕመሙን አያስታግስም፤ ያልተተኮሰው እንዳይተኮስ ያደርጋል። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ግማሽ ላይ የሚተዉት ይህን ባለማወቅ ነው። ሕመሙን የሚቀንሰው ሙቀት ነው፦ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ውሃ፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ። መኪናው ውስጥ ፔርሙስ ስለነበር ቀላቅሎ መጀመሪያ በራሱ እጅ ሞከረው፤ በሕመም ላይ ያለ ሰው ሲቃጠል ላያውቀው ይችላልና። ከዚያም ብቻዋን አልተዋትም። የጀርባ ሕመም፣ ማስታወክ፣ የልብ ምት መፍጠን ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ወደ አሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 911 መደወል እንጂ መጠበቅ የለም። እሷ ምንም ሳትሆን ተረፈች።

በቢሮው የአደጋ ቅጽ ላይ ምክንያቱ «የእንግዳዋ ጥንቃቄ ማነስ» ተብሎ ተሞላ። ያቺ እንግዳ ማስጠንቀቂያው ምን ማለት እንደሆነ በምን ታውቃለች? የከፈለችው የሚያውቅ ሰው እንዲወስንላት ነበር።

አሁን ሦስቱ ቀኖች በመርሐ ግብሩ ላይ በቀይ ይሰመራሉ፣ የጠዋት ምዝገባም አይያዝባቸውም። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም፤ ጄሊፊሽ ከቀኑ ቀድሞም ዘግይቶም ይመጣል። አስጎብኚዎቹ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በቀይ ባልተሰመረ ቀንም ቢሆን፣ እንግዶቹ ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት ከላይፍጋርዱ ጋር የሚነጋገረው ሰው «ዛሬ አይገባም» ካለ፣ ቢሮው የእንግዶቹን ገንዘብ እንዲመልስ። ይህ እስካሁን አልተፈቀደም።