ሁሉንም መጫወት ስለምችል ያበላሸሁት አልበም

ሥራህ ምንድን ነው ስባል «ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ትንሽ ኪቦርድ፤ ከዚያ ደግሞ ፕሮዲውሰር ነኝ» እላለሁ። ሰው ይገረማል። እኔም ኮራ እላለሁ። አንድ አልበም የገደልኩት ግን በዚሁ ችሎታዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ወሬ የላቸውም። በጊታር ጀመርኩ። ባንዳችን ቤዝ የሚጫወት ሲያጣ ቤዙን ያዝኩ። ድራመሩ ሲቀር ድራሙ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ዲሞ መጀመሪያ በነፃ፣ ኋላ በትንሽ ክፍያ ቀዳሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ራሴን ከማን ጋር አወዳድር እንደነበር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሮክ ባንዱ የኒርቫና ድራመር የነበረው ዴቭ ግሮል እ.ኤ.አ. በ1994 የራሱን ባንድ የፉ ፋይተርስን የመጀመሪያ አልበም በአንድ ሳምንት ገደማ ቀድቶ ጨረሰ። ከአንዲት የጊታር ክፍል በቀር ሁሉንም መሣሪያ የተጫወተው ራሱ ነው። ቡች ቪግም የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» ፕሮዲውስ ያደረገ ሰው ሆኖ ጋርቤጅ በተባለው ባንድ ውስጥ ድራም ይመታል። «እኔስ ምን ያንሰኛል?» አልኩ። ግሮል የቀዳው የራሱን ዘፈኖች መሆኑን ረሳሁት።

ከዚያ አራት ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን ይዘው መጡ። ድራመራቸው ስኔሩን፣ ማለትም ጠንከር ያለ ድምፅ ያላትን ትንሿን ከበሮ፣ ከክሊኩ (ጆሮ ላይ ምት ከሚቆጥረው ድምፅ) ወደ 20 ሚሊሰከንድ ዘግየት አድርጎ ይመታል። ይህ ኢምንት ነው። ድምፅ በዚያን ያህል ጊዜ ወደ 7 ሜትር ይጓዛል፤ ትልቅ መድረክ ላይ ራቅ ብሎ የቆመ ጊታሪስት ድራሙን የሚሰማው እንደዚሁ ዘግይቶ ነው። ስታዳምጠው ዘፈኑ ዘና ብሎ ወንበር ላይ የተደገፈ ይመስላል። እኔ ግን በጆሮዬ አልሰማሁትም። በዓይኔ አየሁት። ስክሪኑ ላይ የስኔሩ ሞገድ የክሊኩን መስመር አልፎ ተቀምጧል።

ማታ ሁሉም ሲሄዱ ስቲክ አነሳሁና የአንዱን ዘፈን ድራም እንደገና መታሁት። መስመሩ ላይ፣ ልክ በልክ። በማግስቱ ሳዳምጠው ጊታሩ የሚጎተት መሰለኝ። ልጁ አላጠፋም፤ የተጫወተው የጓደኛውን ስኔር እየሰማ ነበር። መቆም የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ጊታሩንም ደገምኩት። ያኔ ደግሞ ቤዙ ብቻውን ቀረ። እሱንም ደገምኩት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአሥሩ ዘፈኖች በሰባቱ ውስጥ ከባንዱ የቀረችው ድምፃዊቷ ብቻ ነበረች። እሷም ቃሎቹን የጣለችው በድሮው ምት ላይ ስለሆነ ድምጿን እየቆራረጥኩ ወደፊት ገፋሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። ይባስ ብዬ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የድራመሩን ኦሪጅናል ትራኮች አጠፋሁ። ባክአፕ? ሌላውን ሁሉ «ባክአፕ ያዝ» እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰው፣ ለዚህኛው አልያዝኩም። የተረፈው በመጀመሪያው ሳምንት ለባንዱ የላክሁት ሻካራ ሚክስ፣ ማለትም ሁሉም መሣሪያ ለናሙና ያህል ተቀላቅሎ የተዘጋጀው ቅጂ ነው። ሁለት ቻናል፣ ግራና ቀኝ፤ ከውስጡ ድራሙን ለይተህ ላውጣ ብትል እንደ ኦሪጅናሉ የማይሆን።

ድራመሩ ያወቀው በአንዲት ሮል፣ በአንዲት የተከታታይ ምት ጨዋታ ነው። «ይሄን እኔ አልመታሁትም። እጄ ወደዚያ አይሄድም» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አልበሙ ወጣ። «ንጹህ ነው» ተባለ። ለሮክ ከዚህ የባሰ ስድብ አላውቅም።

የወረቀቱ ጣጣ ደግሞ ተከተለ። የዘፈኑ ድርሰት አንድ መብት ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ሌላ መብት ነው። በብዙ አገር ደግሞ ቀረጻው በሬዲዮ ሲሰማ ለተጫወቱትም ይከፈላል። ታዲያ ማን ተጫወተ? የልጆቹን ስም ብቻ ብጽፍ ውሸት ነው። የራሴን ብጽፍ ቤቴ የመጣን እንግዳ እንደመዝረፍ ነው። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ። የመዝጋቢው ቢሮ ቅጹን አራት ጊዜ መለሰልኝ። አንዴ ፊርማ ጎደለ፣ አንዴ ቀኑ አይነበብም። አንዱ ሠራተኛማ «ፕሮዲውሰር ተጫዋች ሊሆን አይችልም» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ሳያውቅም ቢሆን እኔን በትክክል መምከሩ ነው።

«የገቢ ድርሻ የሚከፋፈለው ቀረጻው አልቆ የሁሉም አስተዋፅኦ ሲታወቅ ነው» የሚል ምክር በየመመሪያው ታገኛላችሁ። አትስሙት። መጨረሻ ላይ ሁሉም የራሱን ነው የሚያበዛው፣ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ። በመጀመሪያው ቀን፣ ጊታሩ ሳይቃኝ ጻፉ፤ ተፈራረሙ። አንድ መስመርም ጨምሩበት፦ ተጫዋቹ ሳያውቅ ማንም ክፍሉን አይደግምም። ክሊክም ለሁሉም ዘፈን ግዴታ ነው ሲሏችሁ መጀመሪያ ያለ ክሊክ አንድ ጊዜ ቅዱና አዳምጡ። ካልሆነ መልሱት፤ ክሊኩ የትም አይሄድም።

የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው ስቲቭ አልቢኒ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የኒርቫናን አልበም «ኢን ዩቴሮ» ሲቀዳ ሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚታሰብ ድርሻ) አልፈልግም ብሎ በቁርጥ ክፍያ ነው የሠራው። ፕሮዲውሰር መባልም አይወድም ነበር። ድሮ ይህ ለታይታ የተደረገ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም በቁርጥ እሠራለሁ። ከሽያጩ መቶኛ ስትይዝ እጅህ ያሳክክሃል፣ ሁሉንም ልነካካ ትላለህ።

ሻካራውን ሚክስ አሁንም አልፎ አልፎ አዳምጠዋለሁ። ከጨረስኩት ይበልጣል። ለድራመሩ ልልክለት አስቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ።

ሰሞኑን ሌላ ባንድ እየቀዳሁ ነው። የዚህኛው ድራመር ደግሞ ከክሊኩ ይቀድማል። ወደ ስቱዲዮ ስሄድ ስቲኮቼን ቤት ትቻቸው ነው የምወጣው።