"ቆሻሻ ነው ካልሽ"

አባባ ስምንት ወር ሙሉ እኔ ጋ ተመላልሰዋል። ቁስሉ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ 6 በ4 ሴንቲሜትር። ዙሪያው የጠቆረ፣ ማታ ማታ የሚያብጥ እግር። ፋሻ ክፍል የሠራ ሰው እዚህ ላይ ገብቶታል። ለእኔ ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ የማየው ቁስሉን እንጂ እግሩን አልነበረማ።

አሠራሬ ይታወቃል። የደረቀውን ጎዝ መላጥ፣ ፐሮክሳይድ ማፍሰስ፣ አረፋው ሲነሳ ፈተግ ፈተግ ማድረግ፣ ቤታዲን፣ ደረቅ ጎዝ፣ "ነገ ይምጡ"። ያስተማረችኝ አለቃዬ "ካልደማ አልጸዳም" ትላለች። እንደሷ እጀ ፈጣን ሰው አላየሁም፤ ይህን የምለው ላመሰግናት አይደለም።

አንድ ጠዋት ጎዙን ስስብ አባባ እጄን ያዙኝ፤ ቀስ አድርገው።

"ልጄ፣ ሌሊቱን ያበቀልኩትን ጠዋት ለምን ትነቅይብኛለሽ?"

ጎዙን ገልብጬ አየሁት። እንደ እንጆሪ ፍርፍር ያለ፣ ቀይ ለምለም ሥጋ ይዞ ወጥቷል።

"ቆሻሻ ነው አባባ" አልኳቸው።

ግራኑሌሽን ነበር፤ ቁስሉን የሚሞላው አዲስ ሥጋ። አዲስ የደም ሥርና ኮላጅን፣ ማለትም ሥጋውን የሚያያይዘው ክር። ተማሪ ሆኜ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

"ቆሻሻ ነው ካልሽ" ብለው እጄን ለቀቁኝ። ያቺ "ካልሽ" እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ፈረቃ ልትሸፍን አንዲት ነርስ መጣች። ገና ቁስሉን ሳትገልጥ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

"ታስሮ ያውቃል?"

"በየቀኑ አስረዋለሁ።"

"ቁስሉን አይደለም፣ እግሩን።"

የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊታቸውን ለካች፤ ሬሾው 1.0 ወጣ፤ ደም ወደ እግራቸው በደንብ ይወርዳል፣ እግሩን ማሰር ይቻላል ማለት ነው። ቁስሉ ላይ ፎም፣ እንደ ስፖንጅ ያለ መሸፈኛ፣ ብቻ አደረገችና ከጣታቸው ሥር እስከ ጉልበታቸው ሥር ድረስ ኮምፕሬሽን፣ እግሩን ጫን አድርጎ የሚይዝ ፋሻ፣ አሰረች። "ሳምንት ሁለቴ ይበቃል። በተረፈ አትንኪው" አለችኝ። እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ነርስ!

ልክ ነበረች። ደህና ቁስል ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ደርሰው ባክቴሪያውን ይበላሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉት ጠራጊ ሴሎች ይረከቧቸዋል፤ ግንባታው የሚቀጥለው ከዚያ ነው። የአባባ ኒውትሮፊሎች ግን አልወጡም። ደሙ በደም መልስ ሥሮቻቸው ወደ ላይ መመለስ አቅቶት እግራቸው ላይ እየተኛ፣ እኔም በየጠዋቱ እየፈተግኩ፣ ሥራ ስንፈጥርላቸው ምን ብለው ይውጡ? ኢንዛይማቸው ደግሞ አዲሱን ኮላጅንም አይምርም። ካርዱ ስምንት ወር ይላል፤ ቁስሉ ግን በየቀኑ አንደኛ ቀኑ ነበር። ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቶሎ ቆዳ እንደሚያለብስ ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ላይ ያሳየው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ሳልወለድ። ስለዚህ "አዲስ ነገር ነው" ብዬም አላመካኝ።

በአራተኛው ሳምንት 4 በ2.5 ደረሰ። በአሥራ አራተኛው ተዘጋ።

ራውንድ ላይ ዶክተሩ ካርዱን አገላብጦ "ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ሠራ ማለት ነው" አለ። መድኃኒቱ የታዘዘው ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ ስላበቀለ ብቻ ነው፤ የትኛው የቆየ ቁስል ነው የማያበቅለው? ያለቀውም እግሩ ከመታሰሩ ከወር በፊት። ያቺ ነርስ ሄዳለች። አለቃዬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"አዎ ዶክተር" አልኩ። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

አሁን ለሚመጡት ተማሪዎች "አትፈትጉ፣ መጀመሪያ እግሩን እዩ" እያልኩ አሰለቻለሁ። ባለፈው ወር የመድኃኒት አምፑል ስሰብር ጣቴን ቆረጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ፐሮክሳይዱን ከመደርደሪያ አወረድኩና አፈሰስኩበት፤ አረፋው ችሽ እያለ ሲነሳ ቆሜ አየሁት። ደስ ይላል።