ከወንበሩ መነሳት ያቃተው ሰው

ትናንት ማታ የ«ዘ ጎድፋዘር»ን ሁለተኛ ክፍል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ እንደገና አየሁት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አል ፓቺኖ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከጆን ካዛል ላይ መንቀል አቃተኝ።

ካዛል ፍሬዶን ነው የሚጫወተው። ታናሽ ወንድሙ የማፊያ ቤተሰባቸው አለቃ የሆነበት፣ ሲናቅ የኖረ ልጅ። አንድ ትዕይንት አለ። ውጭው በረዶ ነው። ፍሬዶ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ለዓመታት ያመቀው ብሶት ድንገት ይገነፍላል። ቀና ሊል ይሞክራል፣ እጁ ይወራጫል፣ ወንበሩ መልሶ ይጥለዋል። ሞኝ አለመሆኑን ለማስረዳት እየጮኸ ከወንበር መነሳት እንኳ ያቃተው ሰው! ይቺን ቦታ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ፍሬዶ ማን እንደሆነ ቃል ሳያስፈልገው ሰውነቱ ተናግሮታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የመጀመሪያ ክፍልም እንዲሁ ነው። አባቱ መንገድ ላይ በጥይት ሲመታ ሽጉጡ ከእጁ ያመልጠዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ፈሪነቱን ብቻ አሳይቶን ያልፍ ነበር። ካዛል ግን ለፈሪው ያዝንለታል፤ እኛም አብረን እናዝናለን።

«ዶግ ዴይ አፍተርኑን» ላይ ደግሞ ባንክ ዘራፊ ነው። ጓደኛው የትኛው አገር መሄድ እንደሚፈልግ ሲጠይቀው «ዋዮሚንግ» ይላል። ዋዮሚንግ እኮ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ያለች ግዛት ናት! ቃሏ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረችም፤ ካዛል ራሱ ነው ያመጣት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ወዲያው አንጀቴን በላው። ይሄ ሰው ዓለምን ሳያውቅ ነው ከዓለም ሊሸሽ የተነሳው።

የተወነባቸው ሙሉ ርዝመት ያላቸው ፊልሞች አምስት ብቻ ናቸው። አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭተዋል፣ ሦስቱ አሸንፈዋል። እሱ ግን አንድም ቀን አልታጨም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

የመጨረሻውን፣ «ዘ ዲር ሃንተር»ን፣ የሠራው የሳንባ ካንሰር ይዞት ነው። ስለታመመ የእሱ ትዕይንቶች አስቀድመው ተቀረጹ። ፊልሙ ለዕይታ ሳይበቃ እ.ኤ.አ. በ1978 አረፈ፤ ገና 42 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ማታ ይሄን ፊልም ልከፍት ነው። ሌሎቹ ሲያወሩ ካዛል ጥግ ላይ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ ነው የማየው።